የቤት ገመና የሰፈር ጉዳይ ሲሆን፦ ወንዶችንና ማኅበረሰብን በማሳተፍ ጥቃትን መከላከል ይቻላል?

በአውሮፓውያኑ 2005 የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገራት ያካሄደውን ሰፊ ጥናት ይፋ ሲያደርግ፣ ከፍተኛው አኃዝ የተመዘገበው በኢትዮጵያ፣ በቡታጅራ አካባቢ ነበር። በዚያ ከ3 ሺህ በላይ ሴቶች ተጠይቀዋል። ባል ወይም የፍቅር አጋር ከነበራቸው መካከል 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው በዚሁ ሰው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ ጥቃቱ የደረሰባቸው ከቃለ መጠይቁ በፊት በነበሩት 12 ወራት ውስጥ ነበር። በዚሁ ጥናት ዝቅተኛው አኃዝ የተገኘው በአንድ የጃፓን ከተማ ሲሆን እሱም 15 በመቶ ነው።

ይህ ቁጥር ለብዙ ዓመታት የስብሰባዎች መክፈቻ ሆኖ ቆይቷል። ይነገራል፣ ታዳሚው ይደነግጣል፣ ከዚያም ወደ ሻይ ዕረፍት ይወጣል። የችግሩ ስፋት ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። ጥቃት ከተፈጸመ በኋላ ለተጎጂዋ ሐኪም፣ ጠበቃና መጠለያ ማቅረብ ግዴታ ነው። ከመፈጸሙ በፊት ማስቀረትስ ይቻላል ወይ? ከተቻለስ በማን በኩል?

ባለፉት 20 ዓመታት በምሥራቅ አፍሪካ የተካሄዱ ጥናቶች ለዚህ ጥያቄ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ አቅጣጫ የሚጠቁም መልስ ሰጥተዋል። ሴቶችን ብቻ ይዞ የሚደረግ ጥረት ብዙ ርቀት አይሄድም፤ ወንዶችንና ጎረቤትን ያካተተ ጥረት ግን ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ይህ የሚሆነው በተወሰኑ ሁኔታዎች ሲሆን፣ ሁኔታዎቹም ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ናቸው።

ቡና ላይ የተነሣ ጉዳይ

ከቡታጅራው ጥናት ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እዚያው ጉራጌ ውስጥ፣ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ ጀመሩ። መጠሪያው ‘ዩናይት ፎር ኤ ቤተር ላይፍ’ ሲሆን፣ ‘ለተሻለ ሕይወት እንተባበር’ እንደማለት ነው። መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሰዎችን አዳራሽ ጠርቶ በማያውቁት ባለሙያ፣ በማያውቁት ቋንቋ ከማሰበክ ይልቅ፣ ዘወትር በሚሰባሰቡበት ልማድ ውስጥ ቢነጋገሩስ? የተመረጠው ልማድ የቡና ሥነ ሥርዓት ነው።

በሙከራው 64 መንደሮች በዕጣ ተመድበው በ4 ተከፈሉ። በአንደኛው ምድብ ወንዶች ብቻ፣ በሁለተኛው ሴቶች ብቻ፣ በሦስተኛው ጥንዶች እንዲሰባሰቡ ተደረገ። አራተኛው ለማነጻጸሪያ የተተወ ነበር። ተሳታፊዎቹ 14 ጊዜ እየተገናኙ በሠለጠነ አወያይ መሪነት ስለ ወንድነትና ሴትነት፣ ስለ ጠብና እርቅ፣ ስለ ኤችአይቪ፣ በተለይም በአደባባይ ስለማይነሣው የመኝታ ቤት ጉዳይ ተወያዩ።

ውጤቱ የታተመው በ2020 ነው። ሴቶች ብቻ በተሰባሰቡባቸው መንደሮች በጥቃቱ መጠን ላይ ግልጽ ለውጥ አልታየም። ወንዶች ብቻ በተወያዩባቸው መንደሮች ግን፣ ውይይቱ ካበቃ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሚስታቸው ላይ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸማቸውን የሚናገሩ ወንዶች ከማነጻጸሪያው መንደሮች ያነሱ ሆነው ተገኙ። በቤት ውስጥ ሥራ መተጋገዝና በጋራ መወሰንም ተሻሽሎ ታይቷል። በድብደባ ላይ የታየው ውጤት የዚህን ያህል ጥርት ያለ አልነበረም።

በዚህ ውጤት ውስጥ ቆም ብሎ ማሰብን የሚጠይቅ ነገር አለ። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ድርጊቱን የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጪ የሚፈጸም አድርጎ ነው። ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢገናኛት በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም። ሕጉ በስሙ ሊጠራው ያልፈለገውን ድርጊት፣ ገበሬዎች ከሲኒ ፊት ተቀምጠው ተነጋገሩበት፤ ለውጥ ጎልቶ የታየውም በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው።

ዘዴው ዶሎ አዶ አካባቢ ወደሚገኝ የሶማሊያውያን ስደተኞች መጠለያም ተወስዷል። እዚያ ሲደርስ ቡናው በሻይ ተተካ። ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ትምህርት አለው። የሚወሰደው የውይይቱ ይዘትና ሥርዓት ነው፤ የሚሰበሰቡበትን ሰበብ ግን የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

ካምፓላ፦ ከጎረቤት የሚጀምር ለውጥ

በቀጣናው በስፋት የሚጠቀሰው ሥራ ‘ሳሳ’ ይባላል። ቃሉ በስዋሂሊ ‘አሁን’ ማለት ነው። ያዘጋጀው መቀመጫውን ኡጋንዳ ያደረገው ‘ሬይዚንግ ቮይስስ’ የተሰኘ ድርጅት ሲሆን፣ በካምፓላ ማኪንዴና ሩባጋ ክፍለ ከተሞች ከአጋሩ ‘ሴዶቪፕ’ ጋር ተግባራዊ አድርጎታል።

ሳሳ በ‘ሴቶች መብት’ ወይም በ‘ጾታ እኩልነት’ አይጀምርም። እነዚህ ቃላት ሲነሡ ብዙ ወንዶች ክርክር ፍለጋ ወይም መውጫ በር ፍለጋ ዐይናቸውን ያንቀሳቅሳሉና። የሚጀምረው ከኃይል ነው። ማን በማን ላይ ኃይል አለው? አለቃህ ሲያንጓጥጥህ፣ ፖሊስ ሲያዋክብህ ምን ተሰማህ? ያንኑ ኃይል ቤት ስትገባ አንተ በማን ላይ ትጠቀመዋለህ? በአማርኛ እንደ አገባቡ ኃይል፣ ሥልጣን ወይም አቅም የሚባለው ይህ ነገር በሌላው ላይ የሚጫን ብቻ አይደለም። በራስ ውስጥ ያለ፣ ከሌላው ጋር የሚጋሩት፣ ለበጎ ሥራ የሚያውሉትም ነው። የሳሳ አራት ምዕራፎች የተዋቀሩት በእነዚሁ የኃይል ዓይነቶች ላይ ነው።

ሥራውን የሚያካሂዱት ደመወዝተኛ ባለሙያዎች ሳይሆኑ የሰፈሩ ነዋሪዎች ናቸው። በጥናቱ ዘመን ከ400 በላይ ሴቶችና ወንዶች ሠልጥነው ከ11 ሺህ በላይ ትንንሽ መርሐ ግብሮችን መርተዋል። መርሐ ግብር ሲባል መድረክና ባነር ያለው ድግስ ማለት አይደለም። ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ጭውውት፣ በሥዕል ላይ የተመሠረተ ውይይት፣ የመንገድ ዳር ድራማ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ፖሊሶች፣ የጤና ሠራተኞች፣ የሃይማኖት አባቶችና የአካባቢ መሪዎች በተመሳሳይ ሂደት እንዲያልፉ ይደረጋል። ባለሱቁ ያነሣውን ጉዳይ ሰውየው በማግስቱ ከቄሱ ወይም ከኢማሙ፣ በሳምንቱ ደግሞ ከጤና ጣቢያው ነርስ ይሰማዋል።

ከ2007 እስከ 2012 በ8 ሰፈሮች የተካሄደው ጥናት እንዳመለከተው፣ ሳሳ በተሠራባቸው ሰፈሮች ባለፈው ዓመት ከባል ወይም ከአጋር የደረሰ አካላዊ ጥቃት ካልተሠራባቸው በ52 በመቶ ያነሰ ነበር። የሰፈሮቹ ብዛት ትንሽ በመሆኑ በቁጥሩ ዙሪያ ያለው የስታትስቲክስ ጥርጣሬ ሰፊ ነው፤ ይህን አጥኚዎቹ ራሳቸው አልሸሸጉም። ሌላው ውጤት ግን የበለጠ የተረጋገጠ ነው። ሴቶች ጥቃትን ‘ተገቢ ነው’ የማለት ዝንባሌያቸው በግልጽ ቀንሷል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ የተለካው በውይይቱ የተሳተፉትን ብቻ በመጠየቅ አለመሆኑ ነው። ጥያቄው የቀረበው በሰፈሩ ለሚኖር ለማንኛውም ሰው ነበር። ማኅበረሰብን መለወጥ ሲባል ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ስብሰባ ያልመጣው ጎረቤትም ይለወጣል።

ሩዋንዳ፦ አባት መሆንን መማር

ሩዋንዳ የመረጠችው በር ደግሞ አባትነትን ነው። ‘ባንዴበሬሆ’ በተሰኘው መርሐ ግብር ሚስቶቻቸው ነፍሰ ጡር የሆኑ ወይም ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወጣት ወንዶች በቡድን ሆነው 15 ጊዜ ተገናኙ። ከእነዚህ ውስጥ በ8ቱ ሚስቶቻቸውም ተገኝተዋል። ሕፃን ማጠብ፣ እርግዝና ክትትል አብሮ መሄድ፣ ገንዘብን በጋራ ማቀድ፣ መጠጥ፣ ንዴት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ተነጋገሩ። ‘ሚስትህን አትምታ’ የሚል ትእዛዝ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። ጉዳዩ በአባትነት በኩል ዞሮ ገባ።

ከ1 ሺህ 100 በላይ ጥንዶችን ያካተተው ጥናት በ2018 ሲታተም፣ አጋሮቻቸው ከተሳተፉ ሴቶች መካከል ባለፈው ዓመት አካላዊ ጥቃት ደርሶብናል ያሉት 33 በመቶ፣ ካልተሳተፉት ደግሞ 57 በመቶ ገደማ ሆነው ተገኙ። ወሲባዊ ጥቃትም በተመሳሳይ መጠን ያነሰ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ በተደረገ ዳግም ክትትል ልዩነቱ አልጠፋም። እዚህ ላይ መልሱን የሰጡት ሴቶቹ መሆናቸው ዋጋ አለው፤ ወንዶቹ የተማሩት ተግባር ነው ወይስ ትክክለኛ መልስ የሚለው ጥርጣሬ በዚህ ይቀንሳልና።

እዚያው ሩዋንዳ የተካሄደ ሌላ ሥራ ግን ሁሉም ነገር እንደማይሳካ ያሳያል። ‘ኢንዳሺይኪርዋ’ ሁለት ክንፍ ነበረው። አንደኛው ክንፍ የመንደር ቁጠባ ቡድን አባላት የሆኑ ጥንዶችን ለወራት በየሳምንቱ ያወያያል። ሁለተኛው ከእነዚሁ ጥንዶች መካከል የተመረጡትን አሠልጥኖ በሰፈር ያሰማራል። በጥንዶቹ መካከል ጥቃት በጉልህ ቀነሰ። በሰፈር ደረጃ ሲለካ ግን ለውጥ አልታየም። በካምፓላ የሠራው በሩዋንዳ ገጠር አልሠራም። የገጠሩ ቤት ከቤት መራራቅ፣ የጊዜው ማጠርና የአቀንቃኞቹ ሸክም ለምክንያትነት ሊነሡ ይችላሉ። የሆነው ሆኖ ‘የማኅበረሰብ ንቅናቄ’ የሚል ስም መስጠት ብቻውን ንቅናቄ አይፈጥርም።

ማኅበረሰቡ መድኃኒት ነው ወይስ ሕመም?

ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ የሚጻፉ ሰነዶች ማኅበረሰቡን አብዛኛውን ጊዜ በበጎ ጎኑ ብቻ ያዩታል። በኢትዮጵያ የሚኖር ማንኛውም ሰው ግን ሌላውን ጎን ያውቃል። የባልና ሚስት ጠብ ገመና ነው፤ ገመና ይሸፈናል እንጂ አደባባይ አይወጣም። የተደበደበች ሴት ወላጆቿ ቤት ስትሄድ ‘ለልጆችሽ ብለሽ ቻይው’ ትባላለች። ሽማግሌ ይገባል፣ ባል ይመከራል፣ ይቅርታ ይወርዳል፣ እሷም ትመለሳለች። ሽምግልናው የሚለካው እርቅ በመውረዱ እንጂ ከወር በኋላ በእሷ ላይ በሚደርሰው አይደለም።

የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል 66 በመቶዎቹ እርዳታ ፈልገውም፣ ለማንም ተናግረውም አያውቁም። ከተናገሩት ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ እንጂ ወደ ፖሊስ አልነበረም። ስለዚህ ጎረቤት የመጀመሪያው ፖሊስ፣ የመጀመሪያው ዳኛ፣ የመጀመሪያው ሐኪም ነው፤ ተፈልጎም ይሁን ሳይፈለግ።

በዚሁ ጥናት ምግብ ብታሳርር፣ ሳታስፈቅድ ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል፣ ብትከራከር ወይም ለግንኙነት እምቢ ብትል ባል ሚስቱን መምታቱ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ። ወንዶቹ ደግሞ 28 በመቶ። አንባቢ በተገላቢጦሽ ሊጠብቀው የሚችል ቁጥር ነው። ሴቶቹ ድብደባ ይወዳሉ ማለት አይደለም፤ ድብደባን እንደ ሕግ፣ ራሳቸውንም እንደ ሕግ ተላላፊ እንዲያዩ ተደርገው አድገዋል ማለት ነው። ወንዶች በመጠይቅ ላይ ‘አይገባም’ ማለት መልመዳቸውም ሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በየትኛውም መንገድ ቢታይ፣ የሚለወጠው የወንዱ አስተሳሰብ ብቻ ሳይሆን አማቷ፣ ጎረቤቷና የነፍስ አባቷ የሚሏት ነገር ጭምር ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ አንድ እርምጃ ሄዷል። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጥቷል፤ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ የነበረውን ድንጋጌም አስቀርቷል። ሽማግሌው ግን ከወንበሩ አልተነሣም፤ ሕጉ ከደረሰበት ይልቅ እሱ የሚደርስበት ሰፈር ይበዛል። ዕድሩም እንዲሁ። አባላቱን ለቀብር የሚያሰልፍ፣ የሚቀጣና የሚያግድ ተቋም ‘ሚስቱን የደበደበን አናስጠጋም’ ቢል ከብዙ ፖስተር በላይ ይሠራል። በከምባታ የቦጋለች ገብሬ ድርጅት፣ ኬኤምጂ፣ በሴት ልጅ ግርዛትና በጠለፋ ላይ የተከተለው መንገድ ከዚህ ይቀራረባል፤ አውግዞ ከመውጣት ይልቅ ሽማግሌውን፣ ወጣቱን፣ ገራዧንና እናቲቱን ለወራት አንድ ላይ አስቀምጦ ማነጋገር ነበር።

ማይክሮፎኑ በማን እጅ ነው?

ለሴቶች መብት የሚሠሩ ድርጅቶች ስለ ወንዶች ተሳትፎ ሲወራ የሚያሰሙት ሥጋት አለ፤ ቀላልም አይደለም። ለመጠለያና ለሕግ ድጋፍ የማይበቃው ገንዘብ ለወንዶች ሥልጠና ሊሄድ ይችላል። በመድረኩ ላይ ‘የተለወጠው ባል’ ጀግና ሆኖ ሲጨበጨብለት፣ 10 ዓመት የተደበደበችው ሚስቱ ከጀርባ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። ለአንድ ቀን እንጀራ የጋገረ ወንድ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ዕድሜዋን ሙሉ የጋገረችውን ያነሣት የለም።

በሁለተኛ ደረጃ የሚነሣው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ውይይት የሰማች ሴት ቤቷ ገብታ ‘መብቴ ነው’ ስትል የምታገኘው መልስ ዱላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የተጎዳች ሴት የምትሄድበት ክሊኒክ፣ የሚቀበላት ፖሊስና የምታድርበት ቤት መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ጎረቤትም እንዲሁ ይማራል። የሚደባደብ ሰው መሀል ዘሎ መግባት ሳይሆን በሩን አንኳኩቶ ክብሪት መጠየቅ፣ ሌሎችን ጠርቶ አብሮ መቆም፣ በማግስቱ ሴትየዋን ብቻዋን ማነጋገር ይቻላል።

ሦስተኛው የጥድፊያ ነገር ነው። በየዓመቱ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የ16 ቀናት ንቅናቄ ይከበራል። ሰልፍ አለ፣ ነጭ ሪባን አለ፣ ወንድ ባለሥልጣናት ቃል ይገባሉ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሪባኑ ይፈታል። ለውጥ ያሳዩት ሥራዎች በሙሉ ወራትን አንዳንዶቹም ዓመታትን የፈጁ፣ ያንኑ ሰው ደጋግመው ያገኙ ናቸው። የአንድ ቀን ሥልጠና የሰጠ ድርጅት ውጤት ሳያገኝ ቢቀር ጥፋቱ የወንዶች አለመለወጥ አይደለም።

በጦርነት ውስጥ ደግሞ ይህ ሁሉ ይናጋል። በትግራይ ግጭት ወቅት የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2021 ባወጡት የጋራ ሪፖርት ወሲባዊ ጥቃት በግጭቱ ተሳታፊዎች መፈጸሙን ሰንደዋል። መሣሪያ የታጠቀን ወታደር በቡና ላይ ውይይት ማስቆም አይቻልም፤ እሱን የሚመለከተው ዕዝና ፍርድ ቤት ነው። ማኅበረሰቡ የሚፈተነው ከዚያ በኋላ፣ ተጎጂዋ ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው። ባል ይቀበላታል ወይስ ይፈታታል? ጎረቤት ይጠይቃታል ወይስ ይጠቋቆምባታል? የባሎችና የሽማግሌዎች ውይይት ከሕክምና እኩል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ማን ይከፍላል?

የካምፓላውን ሥራ ወጪ ያሰሉ ተመራማሪዎች፣ አንዲት ሴት በአንድ ዓመት ውስጥ ከሚደርስባት ጥቃት እንድትድን ያስወጣው 460 የአሜሪካ ዶላር ገደማ መሆኑን ገምተዋል። ለአንድ ድሀ አገር ወረዳ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ከጥቃት በኋላ ለሚመጣው ሕክምና፣ ክርክርና ለሚበተን ቤተሰብ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ግን ብዙም አይባልም። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሥራ የቆመው በውጭ እርዳታ ነው። በ2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን በከፍተኛ መጠን ስትቀንስ፣ ብሪታንያም የራሷን በጀት እንደምትቀንስ ስታስታውቅ፣ በቀጣናው ያሉ ድርጅቶች የተጋፈጡት ይህንኑ ጥገኝነት ነው።

ሩዋንዳ ባንዴበሬሆን ከፕሮጀክትነት ለማውጣት የሞከረችው በሙሳንዜ ወረዳ ውይይቱን በመንግሥት የጤና መዋቅር ሥር ባሉ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች እጅ በማስገባት ነው። ኢትዮጵያም ተመሳሳይ አውታር አላት። ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማርቷል። ነገር ግን እነዚህ ሠራተኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ሥራቸውም ከወዲሁ ከአቅማቸው በላይ ነው። ወንዶችን ሰብስቦ ስለ መኝታ ቤታቸው የሚያወያየው ሰው ከየት እንደሚመጣ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት በጀት ሥር እንደሚያድር ገና አልተወሰነም።